በእጄ የደፈንኩት የአየር ቀዳዳ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን አይደለም፤ ግድግዳውን ነው። ልስን የሚሠራ ሰው አመሉ ነው፤ ለቅሶ ቤት ቢገባ እንኳ ዓይኑ ቀድሞ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሃያ የሚሆን ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊቴን ይለበልበዋል፤ እኔ ቀና ብዬ ከጣሪያው ሥር ያለውን ልስን አያለሁ። ማዕዘኑ አጠገብ ትንሽ ሆድ አውጥቷል። ያንን ሆድ አውቀዋለሁ። የራሴ ሥራ ነው።

ሸሚዜን ገልብጠው ራሴ ላይ ጠቅልለውት ስለነበር ወዴት እንዳመጡኝ እስከዚያች ደቂቃ አላወቅኩም ነበር። ያ ልስን ነገረኝ። ካርቱም ውስጥ ከአባይ ብዙ የማይርቀው፣ ቅስት ቅስት በረንዳ ያለው፣ እንግሊዞች የሠሩት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነኝ። ከዚያ ቀን አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ወር ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ማስቀመጫ ሊያደርገው ያሳድሰው ነበር። እስር ቤት መሆኑን የሰማሁት ገብቼበት ነው።

የተያዝኩት በቀለም ነው። አርካዊት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ስጨርስ ግማሽ ጣሳ ቀይ ቀለም ተረፈኝ። ሰልፍ የበዛበት፣ ድልድዮቹ በየሳምንቱ የሚዘጉበት ጊዜ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች መጥተው “ያ ዓም፣ አጎቴ፣ ትርፍ ቀለም አለህ?” አሉኝ። ሰጠኋቸው። ምን እንደሚጽፉበት አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አውቅ ነበር። መንግሥትን ተቃውመው የጻፉትም ነገር ትክክል ነበር። በሦስተኛው ቀን የጸጥታ ሰዎች በፒካፕ መኪና መጡ። መርማሪው “ሐበሻ ሆነህ በኛ ፖለቲካ ምን ጥልቅ አደረገህ?” ሲለኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ግድግዳችሁን ስለስን ኖሬ እንግዳ የምሆነው ዛሬ ነው ወይ ልለው አምሮኝ ነበር። ዋጥኩት። የወጣቶቹን ስም ግን አልሰጠሁም። ብዙዎቹን በስም አላውቃቸውም፤ የማውቃቸውንም አላውቅም አልኩ። ባለቤቴ ሶባ ሰፈር በተከራየናት ቤት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። የት እንዳለሁ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ቀንና ሌሊት የማስበው እሷን ብቻ ነበር።

በክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሌላ አንድ ሰው ነበር። በዕድሜ የገፉ የወሎ ሰው ናቸው፤ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ዘበኛ ነበሩ። ሊይዙ የመጡት የቤቱን ጌታ ነው፤ ጌትየው በጓሮ ሲያመልጡ በር የከፈቱትን እሳቸውን ይዘው ሄዱ። ጋሼ እላቸው ነበር። “እሱን ሲያጡ እኔን ወሰዱ፤ ባዶ እጅ መመለስ ነውር ሆኖባቸው” ብለው አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። “አብሽር፣ ይኼም ያልፋል። ሚስት አለችህ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

በሩ ሥር የሚቀመጡት ደግሞ ጡረታ የወጡ ሱዳናዊ መምህር ናቸው። ሁሉም ኡስታዝ ይላቸዋል። ነጭ ጀላቢያቸው ቡናማ ሆኗል፤ መነጽራቸውን ወስደውባቸዋል። አስም አለባቸው። የሚነፋውን መድኃኒታቸውንም ሲገቡ ተቀብለዋቸዋል። በየቀኑ በጨዋ አነጋገር ይጠይቃሉ፤ ሻዊሹ፣ የእኛ ክፍል ኃላፊ የሆነው ባለ ሦስት ሰረዝ ማዕረግ ወታደር፣ በየቀኑ “ቡክራ” ይላቸዋል። ነገ ማለቱ ነው። በሩ ሥር የሚቀመጡት ከሳንቃው በታች ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ስላለች ነው። አፍንጫቸውን ወደዚያች አስጠግተው ነበር የሚኖሩት።

ኡስታዝ ስለዚያ ሕንፃ የማያውቁት ነገር አልነበረም። እስረኛ ወሬ ሲያልቅበት ስለ ምግብ ያወራል፤ እሳቸው ስለ ቤቱ ያወሩልን ነበር።

“ይሄ ክፍል መጀመሪያ የግራር ሙጫ መጋዘን ነበር” አሉን አንድ ቀን። “ከኮርዶፋን በግመል ይመጣል፣ እዚህ ይከማቻል፣ ከዚህ ወደ እንግሊዝ አገር ይጫናል። ሙጫ ከታፈነ ይበላሻል። ስለዚህ አየር የሚተላለፍበት ቤት ሠሩለት።”

“ለሙጫ” አለ አብሮን የታሰረ አንድ ሹፌር። ሃፍላ የሚባሉትን አነስተኛ አውቶቡሶች የሚነዳ፣ ደንዳና፣ ነገር ቶሎ የማይዋጥለት ሰው ነው።

“ለሙጫ። እነሱ ሲሄዱ የሴቶች ትምህርት ቤት ሆነ። እናቴ እዚህ ነው ፊደል የቆጠረችው። አሁን መጥታ ብታየኝ ልመዘገብ የመጣሁ ይመስላታል።”

ሳቅን። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ተነሥቼ በጥፍሬ የግድግዳውን ቀለም ፋቅ ፋቅ አደረግኩና አሳየኋቸው። ላይ ያለው ክሬም የመዝገብ ቤቱ ነው። ከሥሩ ሌላ ቢሮ የቀባው ግራጫ አለ። ከዚያ ሥር እስከ ትከሻ ቁመት የሚደርስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም አለ፤ ልጆች እጃቸውን ሲያሳርፉበት እንዲታጠብ ትምህርት ቤት የሚቀባው ነው። ከሁሉም ሥር የእንግሊዞቹ ኖራ። ኡስታዝ መነጽር ስለሌላቸው ፊታቸውን አስጠግተው አረንጓዴውን በጣታቸው ዳሰሱት። “ይሄ የእናቴ ነው” አሉ። እኔም እንደ ባለሙያ ደረቴን ነፋሁ። ወዲያው ግን እንዲህ አሉኝ፦

“እናቴ ስለ እርግቦች ታወራ ነበር። ከጣሪያው ሥር በተርታ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ እርግቦች በዚያ ገብተው ትምህርት ይረብሹ ነበር ትላለች። እነዚያ ቀዳዳዎች የት ገቡ? አንተ ግድግዳ ታውቃለህ።”

“እኔ እንጃ” አልኩ።

ዋሸሁ። የዋሸሁበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱ ፍርሃት፣ አንዱ እፍረት። ፍርሃቱ ግልጽ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሁሉን ይጠራጠራል። አዲስ የገባ ሐበሻ ተነሥቶ ይህን ቤት ያደስኩት እኔ ነኝ ቢል ማን ሰላይ አይደለም ይለዋል? እፍረቱ የሥራ ነው። ልናገረው።

ያኔ ስናድስ ኮንትራክተሩ መዝገቦቹ አቧራ እንዳይበላቸው የአየር ቀዳዳዎቹን በሙሉ በጡብ እንድንደፍን አዘዘ። በየክፍሉ አምስት አምስት ናቸው። ደፈንን። የመጨረሻው ክፍል፣ ማለትም ይኸው የታሰርኩበት ክፍል ላይ ስንደርስ ቀኑ ቀዳም ሥዑር ሆነ። ካርቱም ውስጥ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፤ የኛን ፋሲካ ማንም አያውቅልህም። ሁለት ወር ጾሜ፣ ነጠላዬ ታጥባ ተተኩሳ ቤት ተንጠልጥላ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ተቻኩያለሁ። አራቱን በጡብ ዘጋሁ። አምስተኛው ላይ ጡብ አለቀ። ጡብ ለማምጣት ግቢውን አቋርጦ መሄድ፣ መቁረጥ፣ መሸከም አለ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም የለም። ሁለት ባዶ ኬሻ ጅብስ ውስጥ ነከርኩና ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅኩት፤ ላዩን ለሰንኩበት። ኬሻው ሲደርቅ ሆዱን አወጣ። እኔ ግን ያን ሰዓት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ።

በሕይወቴ ያጭበረበርኩት ሥራ ያ አንድ ነው። ሌላም ይኖራል፤ ግን እንደዚያ የሚቆጠቁጠኝ የለም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ኬሻ ጠቀጠቅኩ ብሎ ንስሐ እንዴት ይገባል?

በገባሁ በአሥረኛው ቀን ገደማ ሙቀቱ ባሰ። ከውጭ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ የለም። ግድግዳው ራሱ ትኩስ ሆኖ ጀርባ አያስደግፍም። እኩለ ቀን ላይ ኡስታዝ ንግግር አቆሙ። ከንፈራቸው አመድ መሰለ፤ ትከሻቸው ወደ ላይ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ከደረታቸው የሚወጣው ድምፅ እንደ ዛገ በር ነው። ሹፌሩ በሩን በቡጢ ደበደበ። ሻዊሹ መጥቶ በበሩ ቀዳዳ አየ።

“ሰውዬው እየሞተ ነው” አለው ሹፌሩ።

“ሐኪም ቡክራ ይመጣል” አለና ሄደ።

እኔ ያንን ሆድ ያወጣ ልስን እያየሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ ለጋሼ በአማርኛ ነገርኳቸው።

“ጋሼ፣ እዚያ ጋ የአየር ቀዳዳ አለ። የደፈንኩት እኔ ነኝ።”

“ምን?”

“ያኔ ሲታደስ። አምስት ናቸው። አራቱ ጡብ ነው፤ ያ ማዕዘኑ ጋ ያለው ግን ኬሻ ነው። በእጅ ይወጣል።”

ጋሼ ትክ ብለው አዩኝ። “በኬሻ? ምነው ጡብ ጠፍቶ ነው?”

“ፋሲካ ደርሶብኝ ነበር።”

በዚያ ሁሉ መሐል አፋቸውን በጨርቃቸው ያዙ፤ ሳቃቸውን እያፈኑ ነበር። “በል ንገራቸው” አሉኝ። “ቶሎ በል።”

በዐረብኛ ነገርኳቸው። የፈራሁት ደረሰ። ሹፌሩ ተነሥቶ ቆመብኝ። “ይሄን እንዴት ልታውቅ ቻልክ? ለእነሱ ነው የምትሠራው? ቀዳዳ አስከፍተህ ሊያመልጡ ነው ልታሰኘን ነው?”

“እነሱ ሳይገቡበት ነው የሠራሁት” አልኩት።

“ማን ያውቃል?”

ጋሼ በተቀመጡበት ሆነው “አንተ ሰውዬ፣ ወላሂ ሰላይ ቢሆን ጆሮውን ነው የሚሰጥህ እንጂ አየር ይሰጥሃል?” አሉት። ኡስታዝ እጃቸውን አነሡ። መናገር ስለማይችሉ በጣታቸው ወደ ላይ ብቻ አመለከቱ። ሹፌሩ እሳቸውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ሄዶ ግድግዳው ሥር ጎንበስ አለና ትከሻውን ሰጠኝ።

ጣሪያው ረጅም ነው፤ እንግሊዞች ለጣሪያ አይሰስቱም። የሹፌሩ ትከሻ ላይ ቆሜ፣ በሁለት ሰው ተደግፌ፣ እጄ እንደምንም ደረሰ። መሣሪያዬ የፉል ማንኪያ ነበር፤ እጀታውን የወለሉ ጥርብ ድንጋይ ላይ ሳልነው። ሌሎቹ ድምፁ እንዳይሰማ ጮክ ብለው መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ስለ ኳስ ነበር፤ ከቆይታ በኋላ የምር ተጣሉ። ልስኑ ከጣት አይወፍርም። ከሥሩ ኬሻው መጣ፤ ቃጫው አልበሰበሰም። ጠቅልዬ ስጎትተው የአሥር ዓመት አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከውጭ በኩል የወንፊት ሽቦ ብቻ ነበር። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ቀዳዳው ሁለት ጡብ ያህል ነው። ሹፌሩ ከሥሬ “ይሄ ነው?” አለኝ። “ጠብቅ” አልኩት። የዚያን ቤት አሠራር ዘግይቼም ቢሆን ገባኝ፤ ትኩሱ አየር በላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ከሥር ሌላውን ይጎትታል። ጋሼ ከጀላቢያቸው ጫፍ ክር መዘው በሩ ሥር ያዙት። ክሩ ወደ ውስጥ ተኛ። የበረንዳው አየር ድንጋይ ለድንጋይ እየተሳበ ገባ። ኡስታዝን ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገን አስተኛናቸው። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ ያ የዛገ በር ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ሲናገሩ የመጀመሪያ ቃላቸው “ለበዓልህ እግዜር ይስጥልኝ” ነው። ጋሼ የፋሲካውን ነገር ለብቻቸው ነግረዋቸው ኖሯል።

በማግሥቱ ጠዋት ሻዊሹ ገባ። ዳቦ ሊያድል ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችውን የፀሐይ ምልክት አየ፤ ምልክቷን ተከትሎ ቀና አለ። የዳቦውን ከረጢት አስቀመጠ።

“ማነው?”

ሹፌሩ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም፤ ትናንት ሰላይ ያለኝ ሰው። ጥፋተኛው ካልወጣ ሃያውንም ፀሐይ ላይ እንደሚያቆመን አውቅ ነበር፤ ኡስታዝ ደግሞ ፀሐይ አይችሉም።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “የዘጋሁትም እኔ ነኝ።”

“የዘጋሁት ማለት?”

ነገርኩት። ኬሻውን ግን ዘለልኩት፤ እሱን ለሻዊሽ አልናገርም። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። ወጣና ብዙ ሳይቆይ ከሌላ ወታደር ጋር ተመለሰ። መሰላል አምጥተዋል፤ ግማሽ ከረጢት ጅብስ፣ ባልዲ ውኃ፣ የልስን ማንኪያም አለ። ጥሩ ማንኪያ ነበር፤ የእንጨት እጀታው ሰው የሠራበት፣ ያለሰለሰው።

“ስማ፣ ያ ሐበሺ” አለኝ። ድምፁ ክፋት አልነበረበትም። “ነገ ከበላይ ሰው ይመጣል። ይሄን ቀዳዳ ሊያይ አይገባም። ያንተ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ቀለም ሰጠ ነው የሚለው፣ ለቀለም ማንም ግድ የለውም። አሁን ዝጋው። ስትጨርስ እፈርምልሃለሁ፤ ለከሰዓት ቤትህ ትደርሳለህ።”

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ። የሶባዋ ቤት በር፣ ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ስትነሣ፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ። ማንኪያውን ተቀበልኩት። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ አሁንም ጡብ አያስፈልገውም።

ጋሼ ክንዴን ይዘው በአማርኛ ቀስ ብለው ተናገሩኝ። “አንተ ልጅ፣ ዝጋና ውጣ። ሚስትህ ወሯ ገብቷል። እኛ ስትሄድ መልሰን እንከፍተዋለን።”

“ጥጥር አድርጌ እንድዘጋው ያደርገኛል፤ ቆሞ ያየኛል።”

“ቢሆንስ። ለሰው ነፍስ አንተ ብቻ አይደለህም ኃላፊው። ለሚስትህ ግን አንተ ብቻ ነህ።”

ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ወደ መሰላሉ ዞርኩ። መሰላሉ ሊቆምበት የሚገባው ቦታ ላይ ኡስታዝ ተኝተው ነበር፤ ማታ ወደ ቀዳዳው ሥር አዛውረናቸዋል። እሳቸውም ዐረብኛውን ሰምተዋል፤ ምን እንደተባልኩ ያውቃሉ። በክርናቸው ተደግፈው ተነሡ። የሚተኙበትን ጨርቅ ሰበሰቡ፣ ጥግ ድረስ እየጎተቱ ወሰዱት፣ መሰላሉ የሚቆምበትን ቦታ በእጃቸው አቧራውን ጠረጉልኝ። ከዚያ ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀመጡ።

“ያላ፣ ልጄ” አሉኝ። “ሂድ ወደ ቤትህ።”

ምነው ተቆጥተውኝ ቢሆን። ምነው ለምነውኝ ቢሆን፤ የሚለምን ሰው ይሰለቻል፣ ጆሮህን ደፍነህ ሥራህን ትሠራለህ። ቦታ ለቀው ጠረጉልኝ። እጄ ውስጥ ያለው ማንኪያ ከበደኝ። ባልዲው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት።

“ይሄን ሥራ አልሠራም” አልኩት ሻዊሹን።

“ምን አልክ?”

“አልሠራም። ሌላ ግድግዳ ካለህ አሳየኝ።”

በጥፊ መታኝ፤ ብዙም አልነበረም። ይልቅ ተናደደና እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ሊዘጋው ተነሣ። ሃያ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያየዋል። ጅብሱን በሙሉ ባልዲው ውስጥ ገለበጠው። ጅብስ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚበጠበጠው፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ወዲያው ይደርቃል። ግድግዳውም አስቀድሞ ውኃ መጠጣት አለበት። አራት ቃል ብናገር ይሳካለት ነበር። ሠራተኛ ሰው ሥራ ሲበላሽ እያየ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብደው የሚያውቅ ያውቀዋል። ምላሴን ነከስኩ። ሻዊሹ መሰላሉ ላይ ሲደርስ ባልዲው ውስጥ ያለው ድንጋይ ሆኗል። በማንኪያው ቢወጋው አልወጣ አለው። የመጀመሪያውን ጉብታ ለጠፈ፤ ወደቀ። ሁለተኛው ቦት ጫማው ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም። በእርግጥ ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጅብሱ አለቀ። ከዚያ እኔን አወጡኝ፤ በረንዳው ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ እጄን ወደ ላይ አድርጌ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ድረስ አቆሙኝ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ስመለስ ቀዳዳው ክፍት ነበር። ሁለተኛ ጅብስ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። በማግሥቱ የበላዩ ሰው መጣ፤ በር ላይ ቆሞ በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ አየንና ሄደ። ወደ ላይ ቀና አላለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሃምሳ ሁለት ቀን ታሰርኩ። ኡስታዝ ከእኔ በፊት ሊፈቱ ተጠሩ። ጨርቃቸውን አጥፈው ለጋሼ ሰጡ፤ እኔን አቅፈው ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር አሉኝ፤ እያለቀስኩ ስለነበር አልሰማሁትም። በእግራቸው ሄዱ። ልጄ የተወለደችው እኔ ማንኪያውን ካስቀመጥኩ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ባለቤቴ ምጥ ሲይዛት ጎረቤቶች በአማጃድ ታክሲ ሆስፒታል አድርሰዋታል። ስፈታ ሶባ ደርሼ በሩን ሳንኳኳ ሕፃን አቅፋ ከፈተችልኝ። “ያንተ ናት፣ ያዛት” ብቻ አለችኝ። ለክርስትናዋ ደረስኩ።

አራት ዓመት አለፈ። በመሐሉ ጦርነቱ መጣ፤ ወደ ገዳሪፍ ሸሸን፤ ውጊያው ከካርቱም ሲርቅ ተመለስን። ከተማው ልስን ያልወደቀበት ግድግዳ የለውም፤ ለኔ ሥራ ሞልቷል። ባለፈው ሳምንት የማውቀው ኮንትራክተር ደወለ። ያ ሕንፃ እንደገና ሊታደስ ነው አለኝ፤ ትምህርት ቤታቸው ለፈረሰባቸው ልጆች መማሪያ ሊሆን። እስር ቤት እንደነበረ አልነገረኝም፤ ማወቁንም እንጃ። እሺ አልኩት። የአየር ቀዳዳዎቹን በሙሉ እንክፈታቸው ብዬ ጠየቅኩት፤ እርግብ ይገባል አለ። ይግባ አልኩት።

ባለቤቴ ልጃችንን ጸጉር እየሠራች ትሰማ ነበር። “እዚያ መመለስ አይከብድህም?” አለችኝ። የዚያን ጊዜ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ኬሻውንም፣ ማንኪያውንም፣ ሻዊሹ ለከሰዓት ቤትህ ትደርሳለህ እንዳለኝም። አራት ዓመት ሙሉ ያልነገርኳት ይሄን ብቻ ነበር። ምጧን ብቻዋን ያማጠችው ለቀለም ታስሬ ሳይሆን እኔ እንቢ ብዬ መሆኑን አታውቅም ነበር።

ሹሩባውን መሥራት አላቆመችም። ሁለት ጉንጉን ጨረሰች።

“ሽማግሌው በእግራቸው ነው የወጡት?” አለችኝ።

“በእግራቸው።”

“ታዲያ ይሄን እስከዛሬ ምን ብለህ ደበቅከኝ?”

“ታዝኚብኛለሽ ብዬ።”

ቀና ብላ አየችኝ። “ዝጋውና ና የምልህ ሴት መሰልኩህ?”

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ስትወልድ አጠገቧ ስላልነበርኩ ግን አልነበረም።